በበዓለ ሃምሳ ንፍሮ

ሦስት ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ሲቆሙ፣ ምንይችል ያልገባው ማን እንደሞተ ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል ሰው ሆኖ፣ ያን ያህል ዝም ብሎ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ከፊት የቆሙት አከራዩ ጋሽ ፊልጶስ ናቸው፤ ከኋላቸው ሚስታቸው ዝናሽ፣ ከእሷ ወዲያ ደግሞ የእድሩ ዳኛ። በደህናው ጊዜ ቢሆን አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ክንዱን ይዘው አልጋው ላይ ያስቀምጡት፣ ሦስተኛው ራሱን ከግድግዳ እንዳያላትም ከኋላው ይቆም ነበር፤ የሚነገረውም ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ግን ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተራርቀው በግቢው ጠጠር ላይ ቆመዋል፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስላሉ።

«ምንይችል፣ ልጄ፣ አባትህ አርፈዋል» አሉ ጋሽ ፊልጶስ፣ በማስኩ ውስጥ በታፈነ ድምፅ። «እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነው። በርታ።»

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ዝናሽ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ እሱ መራመድ ስትጀምር ባሏ «ዝናሽ!» አሏት፤ ቆመች። የዘረጋችው እጅ ለትንሽ ጊዜ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከቆመችበት ሆና አለቀሰች። ምንይችል ቀና ብሎ ሲያያት ማልቀስ ያለበት እሱ መሆኑ ትዝ አለውና እሱም ማልቀስ ጀመረ።

ወሬውን ለጋሽ ፊልጶስ የደወሉላቸው የአባቱ ታናሽ ወንድም አያ ሰውአገኝ ነበሩ። ለራሱ ለምንይችል መደወል ነውር ነው፤ ሰው አባቱ መሞቱን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ብቻውን ሆኖ አይሰማም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ እሱ ራሱ ደወለላቸው። አባቱ አድማሴ ማታ ራቱን በልቶ፣ በረቱን ዘግቶ ተኝቷል፤ ጠዋት ሲቀሰቅሱት አልተነሳም። ሌላ ታሪክ የለውም። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መንደራቸው አርማጭሆ ውስጥ፣ ከትክል ድንጋይ ገበያ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ በደህናው ጊዜ ጠዋት ከጎንደር ሚኒባስ የያዘ ሰው ሳይረፍድ ይደርስ ነበር። አሁን ግን ከከተማ ወደ ከተማ ሰው የሚጭን መኪና መሄድ ካቆመ ሰነበተ።

«በእግሬ ልምጣ፣ አያ» አለ ምንይችል።

«ምነው ልጄ! ብትመጣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው የሚያስገቡህ። ከከተማ የመጣ ሁሉ እዚያ ነው አሥራ አራት ቀን የሚቀመጠው። የጎረቤታችንን ልጅ ትናንት አስገቡት፤ እናቱን በመስኮት ነው ያያት። ከመቃብሩ አጠገብ አትደርስም። ደግሞስ ያቺን ልጅ ማን ምሳ ያደርስላታል? ድንገት ብትጠፋባት ምን ትላለች?»

ያቺ ልጅ ያሏት ታላቅ እህቱን መንበረን ነው። ዓመታት ገዳሪፍ የሰው ቤት ወጥ ስትሠራ ቆይታ፣ በሽታው ሱዳን ሲገባ አሠሪዎቿ ሸኟት፤ በመተማ ገብታ ከሌሎች ተመላሾች ጋር በአውቶብስ ተጭና ጎንደር ደረሰች። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ስለተሸኙ ተመላሾቹን ማራኪ ሰፈር ያለው የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ አስገቧቸው። የመምህር ምንይችል የኪራይ ክፍል ከዚያ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከፈፋው ወዲህ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተሰጡት ልብሶች ከእሱ መስኮት ይቆጠራሉ። ያን ሁሉ ዘመን ርቃ ቆይታ አሁን በመስኮት የምትታይ ሆነች፤ እጇን ግን ገና አልጨበጠም።

«እንዳትነግራት» አሉ አያ ሰውአገኝ። «ብቻዋን ናት። ልጄን አምሳልንም ስልኳን እንዳታነሳላት ነግሬያታለሁ። ስትፈታ እኛ ሰው ሰብስበን፣ መጥተን፣ ሸጋ አድርገን እናረዳታለን። እስከዚያ አፍህን ዝጋ።»

እሺ አለ።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ ሰው ተራርቆ እንዲሰለፍ በኖራ ክብ ክብ ተሠርቷል፤ ሰዉ ግን ክቦቹን ትቶ ጥላው ወዳለበት ግድግዳ ተጠግቷል። ተራው ሲደርስ ሠራተኛው በትሕትና ተቀበለው። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ በጠረጴዛውና በባለጉዳዩ ወንበር መካከል ገመድ ተወጥሯል። ምንይችል ነገሩን ተናገረ። ሰውዬው ነፍስ ይማር ብሎ መመሪያውን አወጣና ጣቱን ከመስመር መስመር እያወረደ አነበበ። እህል የጫነ ይፈቀዳል። ነዳጅ የጫነ ይፈቀዳል። አምቡላንስ ይፈቀዳል። «አስከሬን የጫነም ይፈቀዳል» አለ ፊቱ ትንሽ በርቶ። «ከአስከሬኑ ጋር ሦስት የቤተሰብ ሰው መሳፈር ይችላል። አስከሬኑ የት ነው ያለው?»

«እዚያው ነው።»

«እዚያው...» ሠራተኛው ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባው ባዶ ነበር። «አስከሬኑ እዚህ ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ ነበር የምጽፍልህ።» ከልቡ እንዳዘነ ያስታውቃል። ሊሸኘው ከወንበሩ ተነሣ፤ እጁን ሊዘረጋም ነበር፤ መለሰው፤ በዚያው እጅ የሳኒታይዘሩን ጠርሙስ አንሥቶ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገለት።

ምንም እንደማያገኝ እያወቀ ወደ አርማጭሆ መውጫ ሄደ። ባጃጁ የሚጭነው እንደ ድሮው ሳይሆን ግማሹን ሰው ብቻ ነው፤ ሒሳቡ ደግሞ እጥፍ ሆኗል፤ ሹፌሩ «የማይቀመጠውን ሰው ሒሳብ ነው የምትከፍሉልኝ» ብሎ ይቀልዳል። ኬላው ላይ መንገዱን የሚዘጋው አንድ ገመድ ነው። ገመዱን አንድ ሚሊሻ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይዞታል፤ መኪና ሲመጣ ያላላዋል፣ ሲያልፍ ያጠብቀዋል። ቢራ የጫነ አይሱዙ አለፈ። ማዳበሪያ የጫነ አለፈ። ከላዩ ላይ ሁለት ፍየሎች የታሰሩበት ሌላ አይሱዙ መጣ፤ ሚሊሻው ተነሥቶ ሰው መኖሩን በሸራው ሥር ፈተሸ፤ ፍየሎቹ አለፉ።

«መምህር፣ ዝም ብለህ አትየኝ» አለው ሚሊሻው። «አንተ ወዲያ አትሄድም፣ እኔ ወዲህ አልመጣም። ማንኛችን እንደታሰርን እኔም አላውቅም።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የአጎቱ ልጅ አምሳል ደወለች። ምንም ሳትናገር ስልኩን ወደ ላይ ይዛ ቆመች፤ እንዲህ እንድታደርግ ጠዋት ለምኗት ነበር። መጀመሪያ የሰማው ነፋስ ነው። ከዚያ የቀሳውስቱ ድምፅ፣ ቀረብ ይልና ይርቃል። ሴቶች ሲያለቅሱ ሰማ፤ የአክስቱን ድምፅ ለየ። አባቱን እየጠራች «ልጆችህ የት አሉ?» ትላለች፤ የመንበረን ስም ትጠራለች፤ የእሱን ስም ትጠራለች። በመካከሉ አንድ የወንድ ድምፅ «ራቅ ራቅ በሉ! ራቅ ራቅ!» ይላል። ኋላ ላይ አፈሩ ሲወርድ ዝናብ መስሎት ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እዚያው ላይ መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ ሲደውል አንዲት የማያውቃት ሴት የደወለላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት እንደማይችል ነገረችው፤ ወዲያው ያንኑ በእንግሊዝኛ ደገመችለት። ዘወር ሲል ሚሊሻው ገመዱን በእግሩ ረግጦ፣ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል።

ቤት ሲደርስ ግቢው ውስጥ አራት ጎረቤቶች በየዱካቸው፣ በትናንሽ በርጩማ ላይ፣ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ከአራት በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ አምስተኛዋ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። ጥግ ላይ የጎረቤት ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ንፍሮው ይንተከተካል፤ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ። ዝናሽ ምንም ሳትጠይቀው ምሳ ዕቃውን በፌስታል ቋጥራ አመጣችለት። የመንበረን ምሳ የምትሠራው እሷ ናት፤ መንበረ ከመጣች ቀን ጀምሮ ማንም ሳይለምናት የያዘችው ሥራ ነው። ፊቷን አላሳየችውም። «ሳይቀዘቅዝ አድርስላት» አለችው። ፊቱን ታጠበ፤ ትናንት የለበሰውን ያንኑ ጃኬት ለበሰ፤ ከመስተዋቱ ፊት ቆሞ ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ሳበው።

የማደሪያው በር ላይ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ይርቃል፤ ይበልጣል የሚባለው ዘበኛ በረኪና ይረጭበታል፤ ከውስጥ አንድ ሰው መጥቶ ይወስዳል። ከዚያ መንበረ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ትወጣለች፤ እሱ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ በስልክ ያወራሉ። ያለ ስልክ ቢጮህ ትሰማዋለች፤ ግን የቤተሰብ ወሬ እየጮኹ አይወራም። ከእሷ ጎን ባለው ክፍል የምትኖረው ውቢት የምትባል የጭልጋ ልጅ ናት። ነገር የማያልቅባት፣ ገዳሪፍ ሻይ ስትሸጥ የኖረች።

«መምህሩ መጣ!» ብላ ጮኸች ውቢት ከላይ። «ምነው ዛሬ አረፈድክ? በኮሮና ያልሞትነውን በረሃብ ልትጨርሰን ነው? እስቲ ያን ጨርቅ ገለጥ አድርገው፣ ጺም ይኑርህ አይኑርህ እንይ!»

ይበልጣል ሳቀ። ምንይችል እጁን አነሣ። ስልኩ ጠራ።

«ድምፅህ ምን ሆኗል?» አለች መንበረ።

«አቧራ ነው፣ እታለም። ደህና ነኝ።»

«አባባን ዛሬ አገናኘኝ። አምሳል ስልክ አታነሳም።»

«እዚያ ኔትወርክ የለም።»

«ለእኔ ሲሆን ነው የሚጠፋው?» ሳቀች። «እሑድ ዕለት ምን አለኝ መሰለህ? ‹ምን አጥፍተሽ ነው ያሰሩሽ? መቼ ነው የሚፈቱሽ?› ምንም አላጠፋሁም ብለው አላመነኝም። ‹ባትሪዬን ግን አልወረሱብሽም?› አለኝ። የባትሪው ነገር ነው ያሳሰበው።»

ባትሪው ከገዳሪፍ ገበያ የገዛችለት ትልቅ የእጅ ባትሪ ነው። አባታቸው ዓምና በጨለማ ለኪዳን ሲወጣ ቦይ ውስጥ ወድቆ እግሩን ታሞ ነበር፤ ያን ቀን በስልክ ስትሰማ ነው ልግዛለት ያለችው። ከግቢው ዕቃ ማውጣት ስለማይፈቀድ እስካሁን ከእሷ ጋር ነው። በየምሽቱ፣ መጨላለም ሲጀምር፣ ከበረንዳው ወደ ምንይችል መስኮት አንድ ጊዜ ብልጭ ታደርገውና ታጠፋዋለች፤ እሱ የክፍሉን አምፖል ያጠፋና ያበራል። ደህና እደር፣ ደህና እደሪ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ትንሽ አቆይው ቢላት የባትሪው ድንጋይ የአባባ ነው፣ አልጨርስበትም አለችው።

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ምሳ ዕቃውን የበረንዳው መደገፊያ ላይ ስትከፍት ከታች ያያታል። ክዳኑን አነሣች። ውቢት እጇን ሰደድ አደረገች።

«እሰይ፣ ንፍሮ!» ሲል የውቢትን ድምፅ በስልኩ ውስጥ ሰማ። ዘግና ወደ አፏ ልካ፣ እንደ ልማድ፣ ልቧ ሌላ ዘንድ ሆኖ፣ «ነፍስ ይማር» አለች።

የመንበረ እጅ ክዳኑን እንደያዘ ቆመ። ምንይችል ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ አላየም ነበር፤ አሁን ገባው።

«ምንይችል» አለች።

«እ።»

«ንፍሮ ነው። ከሥሩ ወጥ አለ። ከላይ ንፍሮ ነው።»

«እትዬ ዝናሽ ናት የቋጠረችው...»

«በበዓለ ሃምሳ?» ድምፅዋ ገና ደህና ነበር፤ እንደሚያጣራ ሰው ነበር። «ሰው ሥጋ በሚበላበት ጊዜ ንፍሮ ማን ይቀቅላል? እናንተ ጋ ለቅሶ አለ?»

«አዎ... ጎረቤት ነው።»

«ነፍሱን ይማር። ማን የሚባል?»

አንድ ስም ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። መጀመሪያ የመጡለት ጋሽ ፊልጶስ ናቸው፤ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው አያቸው። የእድሩ ዳኛ መጣለት፤ በሕይወት አለ። የባለሱቁ ስም፣ የባጃጁ ሹፌር፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ አብረውት ያስተምሩ የነበሩት፣ ሁሉም በሕይወት አሉ። በሕይወት ያለን ሰው ሞቷል ብሎ መናገር፣ ያውም በዚህ ዘመን፣ ምላሱ አልታዘዘለት አለ። ስም መፍጠር ይቻል ነበር፤ ማንም ያልሆነ፣ ማንም ያልወለደው ሰው ስም። ይህ የታሰበው ግን ቆይቶ ነው። ለጊዜው ከታች ቆሞ ስልኩን ይዞ ዝም አለ፤ እሷም ከላይ ቆማ ስልኩን ይዛ ዝም አለች፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር የሟቹ ስም እየቀረበ መጣ።

«ምንይችል፣ ማን የሚባል?»

«እታለም...»

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው። አልጮኸችም። ስልኩን ምሳ ዕቃው አጠገብ በጥንቃቄ አስቀመጠችው፤ ከትከሻዋ ላይ ነጠላዋን ወስዳ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው። ይህን ሁሉ የምታደርገው ሥራ ልትጀምር እንዳለች ሴት ነበር። ከዚያ «አባባ!» ስትል ድምፅዋ በስልኩም በአየሩም መጣ፤ በአየሩ የመጣው ቀደመ።

ደረቷን ስትመታ ውቢት ያልበላችውን ንፍሮ በእፍኟ እንደያዘች ወደ እሷ ሮጠች። ከየክፍሉ ሴቶች ወጡ። ነጭ ልብስ ከራሷ እስከ እግሯ የለበሰች አንዲት ነርስ ከደረጃው ብቅ አለችና «ርቀት! ርቀታችሁን ጠብቁ! አንድ ሰው በሽታው ቢገኝበት ሁላችሁም እንደ አዲስ ነው የምትጀምሩት!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ቆሙ። ውቢት አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። መንበረ ራሷን ስትወረውር የሚይዛት አልነበረም፤ በረንዳው ላይ ወደቀች፤ ምንይችል ከታች ሆኖ ከመደገፊያው በላይ ምንም አላየም። ሴቶቹ እጆቻቸውን ዘርግተው በክብ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ ብቻ አየ። ነርሷም እጇን ዘርግታ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የመንበረ እጅ መደገፊያውን ያዘ፤ ራሷ ተነሣች፤ እንደገና ወደቀች፤ እንደገና ራሷ ተነሣች።

አጥሩን ይዞት ነበር፤ መያዙን ያወቀው ይበልጣል ሲነግረው ነው።

«ወንድሜ፣ ሽቦውን ልቀቅ» አለው ዘበኛው ቀስ ብሎ። «እየደማህ ነው። ሂድ በቃ። አንተ እዚህ ቆመህ ባየችህ ቁጥር ይብስባታል።»

ግቢው ሲደርስ ለቀስተኞቹ ተለዋውጠው ሌሎች አራት ተቀምጠዋል። ዝናሽ ድስቱ አጠገብ ነበረች። እጁን አየች፤ ፊቱን አየች፤ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሳታውቅም ቢሆን ትቅመስ ብዬ ነው» አለች። «እኛ ባዕዶቹ በልተን ነፍስ ይማር ስንል፣ የገዛ ልጁ ሳትቀምስ ትቅር? ከወጥ ጋር ከገባ አትጠረጥርም ብዬ... ምን ነካኝ እኔን!»

ንፍሮ ዘገነችለትና በሳህን ሰጠችው፤ ተቀበላት። አልበላውም፤ አላስቀመጠውምም። ዱካ ላይ ተቀምጦ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ ይዞ ሰው ሲገባና ሲወጣ አየ። የገባ ሁሉ ከሩቅ አንገቱን ይሰብርለታል። ከሰዓት በኋላ የመንበረን ስልክ ደጋግሞ ሞከረ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። አንድ ጊዜ ውቢት አነሣችው። ቀልድ አልነበራትም። «በሯ ላይ ተቀምጫለሁ» አለችው። «ከውስጥ እሷ ታለቅሳለች፣ ከውጭ እኔ አለቅሳለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?»

ሲመሽ አያ ሰውአገኝ ደወሉ። ቀብሩ እንዴት እንደሆነ፣ ሰው እንዴት እንዳነሰ፣ ቄሱ እንዴት እንዳሳጠሩት ነገሩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለልጅቱ ነገርካት እንዴ?» አሉ።

«አልነገርኳትም፣ አያ።»

«ሸጋ አደረግህ። አደራ፣ እስክንመጣ ድረስ።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ክፍሉ ገባ። መስኮቱ ላይ ቆመ። ከፈፋው ማዶ ሕንፃው እየጠቆረ ነው፤ ልብሶቹ አልተሰበሰቡም። ትወጣለች ብሎ አላሰበም ነበር። ግን በዚያችው በተለመደችው ሰዓት ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ባትሪው በራ፤ ነጭ፣ ጠንካራ ብርሃን ነው፤ ቀጥ ብሎ መስኮቱ ላይ መጣ። ምንይችል አምፖሉን አጥፍቶ አበራ። እንድታጠፋው ጠበቀ። እንደገና አጠፋና አበራ። ብርሃኑ ከመስኮቱ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ ባሕር ዛፎቹ፣ ከባሕር ዛፎቹም አልፎ ወደ ሰማይ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ አርማጭሆ በኩል ዞረና እዚያ ቆመ። የሚያርፍበት ነገር አልነበረም። አላጠፋችውም። እሱም አምፖሉን አጥፍቶ በጨለማው ቆሞ ያየው ጀመር፤ መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ እየቀላ ሄደ።